የተቆራጭ ቀን

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ከቱሉ ዲምቱ ወደ አቃቂ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ አጠገቤ ተቀመጠ። ቂሊንጦ አካባቢ ፋብሪካ ሲጠብቅ አድሮ የሚመለስ መሰለኝ፤ ዓይኑ ቀልቷል፣ ከላይ የደረበው ወፍራም ካፖርት በዝናብ ርሷል። እርጥብ ሱፍ፣ ላምባና የሲጋራ ጢስ ሲቀላቀሉ የሚሰጡት አንድ ሽታ አለ። ያ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ረዳቱ ሒሳብ ሲለኝ አልሰማሁትም። ሰውየው በክርኑ ነካ አድርጎኝ፣ ሒሳብ እየጠየቁዎት ነው እማማ ሲለኝ ነው የነቃሁት። ብሩን እየሰጠሁ ካፖርቱን ከየት እንዳገኘው ጠየቅኩት። ከሰልባጅ ተራ ነው አለኝ፤ ብርዱ አይቻልም። መስኮቱን በእጄ ወልውዬ ወደ ውጭ ማየት ጀመርኩ። የማየው ግን የዛሬውን መንገድ አልነበረም።

ያኔ ቱሉ ዲምቱ ማለት ጤፍና ሽምብራ የሚዘራበት ሜዳ ነበር። ዛሬ ኮንዶሚኒየም ቆሞበት እኔም ሦስተኛ ፎቅ ላይ እኖርበታለሁ። ልጄ አግብታ ሐዋሳ ከሄደች ወዲህ ብቻዬን ነኝ። ጎረቤቶቼ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ጠዋት ሳይነጋ ሰርቪስ ይዘው ይወጣሉ፣ ማታ ከመሸ ይገባሉ፣ ሰላምታችንም በር ሲከፈትና ሲዘጋ መሃል ላይ ያልቃል። የዚያን ጊዜ ኑሯችን አቃቂ ነበር፤ ከጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ ጀርባ፣ ከሐዲዱ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ፣ አንድ ግቢ ውስጥ በተደረደሩ የጭቃ ክፍሎች። ኪራያችን በወር አሥራ ሁለት ብር ነው። ሰዓት ያለው ሰው ጥቂት ነበር፤ የሚያስፈልገውም አልነበረም። የፋብሪካው ጡሩምባ ሲነፋ እንነሳለን፣ ሲደግም ምሳ ደረሰ እንላለን። ባቡሩ ሲያልፍ ብርጭቆዎቻችን መደርደሪያው ላይ ይንጫጫሉ፤ እንግዳ ሰው ካለ ይደነግጣል፣ እኛ ግን ወሬያችንን ትንሽ ቆም አድርገን እንቀጥላለን። ቅዳሜ ቅዳሜ ልብሳችንን ይዘን ወንዝ እንወርዳለን። የዛሬ ልጆች የአቃቂ ወንዝ ልብስ ይታጠብበት ነበር ሲባሉ ይስቃሉ።

ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ያለው የብርቅነሽ ነበር። ብርቄ ነበር የምንላት። ሁለታችንም የወታደር ሚስቶች ነን። የእኔው ደምሴ ሃምሳ አለቃ ነው፤ የእሷ ሲሳይ አሥር አለቃ ሆኖ የጭነት መኪና ይነዳል። ሲሳይ የፊት ጥርሱ ፍንጭት ነው፤ ሲያፏጭ አንዱ ድምፅ ሁልጊዜ ያመልጠዋል። ወላጅ የሚባል አያውቅም፤ ያሳደገችው አክስቱም ቀድማ ሞታለች፤ ስለዚህ ያገኘውን ሰው ሁሉ ዘመድ ያደርጋል። ብርቄን ከሐዲዱ ዳር በተዋሰው ብስክሌት መንዳት ያስተማራት ጊዜ የሰፈሩ አሮጊቶች አማተቡ። እሱ ግን ኮርቻውን ይዞ እየሮጠ፣ አልለቀቅኩሽም፣ አልለቀቅኩሽም ይላታል፤ ለካ ከለቀቃት ቆይቷል። እሷ ዞር ብላ ሩቅ ቆሞ ስታየው ወደቀች፤ ወድቃም መሳቋን አላቆመችም።

ጦርነቱ ሲበረታ ሁለቱም በአንድ ሰሞን ወደ ሰሜን ዘመቱ። ወታደር ሲዘምት ከደመወዙ ላይ ለሚስቱ ወይም ለእናቱ የሚያስቆርጠው ገንዘብ ነበር፤ ተቆራጭ ይባላል። የእኔ ሠላሳ አምስት ብር ነበር፣ የብርቄ ሠላሳ። ስንቱን እንደሚችል አትጠይቁኝ። ከዚያ ላይ ኪራይ ይከፈላል፣ የቀበሌው ሱቅ ስኳርና ሳሙና ሲያመጣ ይገዛል፣ የቀረው ለከድር ሱቅ ነው። ከድር ከስልጤ የመጣ ነጋዴ ነበር፤ ዱቤ ሲሰጥ ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዙሮ ነው፤ የሚቀበለው ሰው እንዳያፍር።

የተቆራጭ ቀን ለእኛ እንደ በዓል ነበር። ዋዜማውን ሹሩባ እንሠራራለን። የተርጋል ቀሚሳችንን ፍራሽ ስር አስተኝተን እንተኩሰዋለን። እግራችንን ቫዝሊን ቀብተን ኮንጎ ጫማችንን እናጠልቅና በአውቶቡስ ከተማ እንወጣለን፤ ሃያ አምስት ሳንቲም። የሚከፈለው አንድ የጦር ሠፈር ውስጥ በትንሽ መስኮት በኩል ነው። ሴቱ ከአጥሩ እስከ መስኮቱ ይሰለፋል፤ አሮጊት እናቶች፣ ልጅ ያዘሉ፣ ገና ሙሽራነታቸው ያልለቀቃቸው። እዚያ ሰልፍ ላይ ስንት ነገር ይወራል መሰላችሁ! ሬዲዮ ላይ ለጦሩ ሰላምታ ሲተላለፍ የማን ባል ስም እንደተጠራ፣ የቱ ዘፈን እንደተመረጠለት፣ መርካቶ የቱ ሱቅ ሻሽ እንደረከሰ። ገንዘባችንን ስንቀበል ወደ አንዲት ሻይ ቤት ገብተን አንዳንድ ቦምቦሊኖ በሻይ እንበላለን። ብርቄ ስኳሩን ከጣቷ ላይ እየላሰች፣ ሲሳይ አሁን ምን ይበላ ይሆን ትላለች።

በዚያ ሰልፍ ላይ ሁላችንም የምንፈራት አንዲት ቃል ነበረች። መስኮቱ ላይ የሚከፍለው መነጽር ያደረገ ባሻ ነው። የባልሽን ስም ትነግሪዋለሽ፣ መዝገቡ ላይ አግኝቶ ያስፈርምሻል፣ ይከፍልሻል። ባልሽ የሞተ እንደሆነ ግን አይከፍልሽም፣ ምክንያቱንም አይነግርሽም። “እህቴ፣ አንዴ ወደ ውስጥ ግቢ” ይልሻል፤ በቃ። ከጎን በር አለ። በዚያ በር የገባችው ሴት ስትጮህ ሰልፉ ይሰማል፤ ሰልፉ ግን አይበተንም። የት ይሄዳል? ነጠላችንን ፊታችን ላይ ሳብ አድርገን አንድ ሰው ወደፊት እንጠጋለን። መንግሥት ወታደሩን በሕይወት እስካለ ድረስ ይከፍለዋል፣ ክፍያው ሲቆም ሰውየውም ቆሟል። እኛ ከጋዜጣም ከሬዲዮም በፊት ጦርነቱ እንዴት እንደሆነ የምናውቀው ከዚያ የጎን በር ነበር።

አንድ ጥቅምት፣ ፀሐዩ ደስ በሚልበት ቀን፣ ብርቄ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ልጇን ገነትን አዝላ ከእኔ ፊት ተሰልፋለች። ገነት ገና ጥርስ ማብቀሏ ነው። ገንዘቡን ስንቀበል ፎቶ ቤት ሄደን ልጅቷን ለሲሳይ የምንልክለት ፎቶ እናስነሳታለን ተባብለናል። ተራዋ ደርሶ ስሙን ስትነግረው ባሻው መዝገቡን አየ፤ ከዚያ መነጽሩን አወለቀ። መነጽሩን ሲያወልቅ አውቄያለሁ።

“እህቴ፣ አንዴ ወደ ውስጥ ግቢ” አላት።

“ገንዘቤን እዚሁ ስጠኝ” አለችው።

የሚያናግሩሽ ሰዎች አሉ ብሎ በጣም ቀስ ብሎ ነገራት። እሷ የምታናግረው ሰው እንደሌለ መለሰችለት። ድምፅዋ አልተሰበረም። ከሰልፉ ወጥታ ግቢው ውስጥ ካለው ጽድ ስር ተቀመጠችና ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ማጥባት ጀመረች። ባሻው ወደ እኔ ዞሮ እህቷ ነሽ አለኝ። ነኝ አልኩት። በጎን በኩል ገባሁ።

ክፍሉ ጠባብ ነው። አግዳሚ ወንበር፣ አንድ እንስራ ውኃ፣ አንድ ሽበታም መኮንን። ውኃ ቀድቶ ሰጠኝና እስክጠጣ ጠበቀኝ። ከዚያ ሲሳይ የሚነዳው መኪና መንገድ ላይ መመታቱን፣ እዚያው ማረፉን፣ ጓደኞቹም ከመንገዱ ዳር ካለ ሾላ ስር እንደቀበሩት ነገረኝ። በየቀኑ የሚናገረው ነገር እንደሆነ ያስታውቃል፤ ቢሆንም ዓይኔን እያየ ነው የተናገረው። “መርዶውን እንደ ወጉ፣ ጠዋት፣ ሽማግሌ ይዛችሁ ንገሯት” አለኝ። ከዚያ መጥታ ስትፈርም የጡረታ አበሏ ይጀመርላታል።

የራሴን ተቆራጭ ተቀብዬ ስወጣ ብርቄ ልጇን መልሳ አዝላ ቆማለች። ፊቴን አየችው። “አስካለ፣ በእግዚአብሔር ይሁንብሽ፣ ምንም አትንገሪኝ” አለችኝ። ከዚያ ቀሚሷን ከኋላ አራግፋ፣ ፎቶ ቤቱ ሳይዘጋ እንሂድ አለች።

ሄድን። ይህን ስናገር ሰው አያምነኝም፤ ግን ሄድን። ፏፏቴና አበባ የተሳለበት መጋረጃ ፊት ተቀምጣ ገነትን ጭኗ ላይ አደረገቻት። ፎቶ አንሺው ፈገግ በይ አላት፣ ፈገግ አለች። እኔ ነጠላዋን ይዤ ከመብራቱ ጀርባ ጨለማው ውስጥ ቆሜያለሁ። ሒሳቡን የከፈልኩት ከእኔ ተቆራጭ ነው። ወደ አቃቂ ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ስለ ምስር ዋጋ አወራችኝ።

መርዶ ለብቻ የሚያዝ ነገር አይደለም። ሰው ሲሞት የሰማ ሁሉ ተጠራርቶ፣ በጠዋት በር አንኳኩቶ፣ አንዱ ይዟት፣ አንዱ ነግሯት፣ ሁሉም አልቅሶ ይካፈለዋል። እኔ ግን የሲሳይን ሞት ብቻዬን ተሸክሜው ቀረሁ። አንድ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ለመጥራት ሞክሬ ነበር፤ ብርቄ ጠረጠረችኝና፣ ሽማግሌ ይዘሽ ከመጣሽ በሬን አልከፍትልሽም፣ ከዚህ ግቢም እለቃለሁ አለችኝ። ችግሩ ሲጠናባት ደግሞ ለገነት ስትይ ሄደሽ ፈርሚ፣ የጡረታው ገንዘብ ይረዳሻል ብያታለሁ። ምስር እየለቀመች ነበር፤ ቀና አላለችም።

“በሠላሳ ብር አልቀብረውም” አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ አንስቼባት አላውቅም። ፋብሪካው ጥጥ ማበጠሪያ ክፍል ገባች። ማታ ስትመለስ ቅንድቧና ሹሩባዋ ላይ ጥጥ ብናኝ ሰፍሮ ሽማግሌ ትመስላለች፤ ገነት ታይና ትስቃለች። ከድርም ስለ ዱቤው አንድ ቀን ጠይቋት አያውቅም። በተቆራጭ ቀን እኔ ብቻዬን እሄዳለሁ። ስመለስ አንድ ቦምቦሊኖ በወረቀት ጠቅልዬ አመጣላታለሁ። ትቀበለኝና ለገነት ትሰጣታለች።

ከዓመታት በኋላ መንግሥት ተለወጠ። መስኮቱም ተዘጋ፣ ባሻውም የት እንደገባ አላውቅም፤ ሴቱ ሁሉ እንደ ብርቄ ያለ ተቆራጭ ቀረ። ጦሩ ተበትኖ በአስፋልቱ ሲያልፍ ቃሊቲ ድረስ ወጥተን ውኃ እናቀብል ነበር። የሚያልፈውን ፊት ሁሉ እናያለን። ብርቄ ጆጉን ይዛ ከሁላችንም ፊት ትቆማለች፤ ሲመሽ ነው የምንመልሳት። ወታደሮቹ ለዳቦ ብለው ካፖርታቸውን በሦስት በአምስት ብር ይሸጡ ነበር። አንዳንድ ነጋዴ ገዝቶ አከማችቶ በክረምቱ በእጥፍ ሸጠው። ደምሴ አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ እግሩ በጨርቅ ተጠቅልሎ ግቢያችን በር ላይ ቆመ። ካፖርቱን አልሸጠም። ሳቅፈው ያ እርጥብ ሱፍና ላምባ ሸተተኝ፤ ሰውነቱ ካፖርቱ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ውኃ ሳይጠጣ በፊት፣ ሲሳይ መጣ ወይ አለኝ። ብርቄ በሯ ላይ ቆማለች። አልመጣም አልኩት።

ደምሴ ያልተከፈለው የስንት ወር ደመወዝ ነበረው። እንደሚከፈለው አንድ ቀን ተጠራጥሮ አያውቅም። “መንግሥት ይሄዳል እንጂ ዕዳው አይሄድም” ይል ነበር። ስንዴና ብርድ ልብስ ሲታደል ተሰለፈ፤ ተመዝገቡ ሲባል ተመዘገበ። ሌላው ሰው ሁሉ ሲተወው እሱ በየወሩ ጫማውን ቀለም ቀብቶ ከተማ ወጥቶ ጠይቆ ይመለሳል። ግቢያችን ውስጥ የታሪክ አስተማሪ ነበሩ፣ ጋሽ መኮንን የሚባሉ። አንድ እሑድ ግቢው ዳር ካለው ዋርካ ስር ተቀምጠው ሊያጽናኑት ብለው የአሜሪካንን ወታደሮች ታሪክ አወሩለት። አገራቸውን ከእንግሊዝ ነፃ ያወጡት እነዚያ ወታደሮች ጦርነቱ ሲያልቅ ደመወዝ አጥተው ነበር አሉት። አዲሱ መንግሥት ካዝናው ባዶ ስለሆነ ወደፊት እንከፍላችኋለን የሚል ወረቀት ሰጣቸው። የራበው ወታደር ወረቀቱን ለነጋዴ በርካሽ ሸጠው። መንግሥቱ ሲጠና ግን የድሮውን ዕዳ ሳልከፍል መንግሥት ነኝ አልልም ብሎ ወረቀቱን ለያዘው ሁሉ በሙሉ ዋጋው አሰበለት።

ደምሴ በጣም አዳመጠ። “ወታደሮቹስ?” አለ።

ሸጠውት ነበራ አሉ ጋሽ መኮንን።

ደምሴ ተነሣ። “እነሱስ የሚሸጡት ወረቀት ነበራቸው” አለና ወደ ቤት ገባ። ያን ዕለት ራት አልበላም። በማግስቱ ግን እየተላጨ ሳለ፣ ለካ ዘግይቶም ቢሆን የሚከፍል አለ እያለ ለራሱ ሲያወራ ሰማሁት። ኋላ ቃሊቲ አንድ መጋዘን ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። ያ ካፖርት እስኪበጣጠስ ድረስ ለበሰው። ውዝፉን ሳያገኝ፣ ተስፋውንም ሳይተው አረፈ።

ገነት ያገባች ጊዜ የሙሽራው ሽማግሌዎች የልጅቷ አባት የት ናቸው ብለው ጠየቁ። ብርቄ ቀጥ ብላ ተቀምጣ መንገድ ላይ ነው አለቻቸው። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ደምሴ ሲሞት ደግሞ መጥታ አለቀሰች፣ ንፍሮ ቀቀለች፣ አርባውን ድረስ አልተለየችኝም፤ ነገር ግን አንድ ቀን ስለ ሐዘኔ ላወራት ስጀምር፣ እኔ ይሄን አላውቀውም አስኩ፣ የእኔ በሕይወት አለ ብላ እቃ ማጠቧን ቀጠለች። ስድብ አልነበረም፤ እውነቷን ነበር የነገረችኝ። ያን ጊዜ ግን ብቻዬን መሆኔን አወቅኩ። አንድ ሰልፍ ላይ አብረን ቆመን ያረጀን ሴቶች እኔ ባሌን ቀብሬ፣ እሷ ባሏን እየጠበቀች፣ በመካከላችን የባሏን ሞት እኔ ይዤ። ግቢያችን ሲፈርስ እሷ ከገነት ጋር እዚያው አቃቂ ቀረች፣ እኔ ቱሉ ዲምቱ ዕጣ ወጣልኝ። ታክሲው እየተወደደ፣ ጉልበታችንም እየዛለ መገናኘታችን በዓል በበዓል ሆነ።

ካፖርት የለበሰው ሰው አጠገቤ በተቀመጠበት ቀን ወደ አቃቂ የምሄደው ገነት ደውላልኝ ነው። እማዬ ልቧ ደክሟል፣ አንቺን ካላየሁ ትላለች ነው ያለችኝ። ስገባ ብርቄ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ከስታ ፊቷ የልጅ ፊት አክሏል። ገነትን ሻይ አፍዪ ብላ አስወጣቻት። ከዚያ እጄን ያዘችኝ።

“እኔ ከሞትኩ ሲሳይን የሚቀብረው ሰው የለም” አለችኝ። “መርዶዬን ንገሪኝ። ግን እንዲህ በጓዳ አይደለም፤ እንደ ወጉ።”

ማታውኑ ከገነት ጋር ሆነን የዕድራቸውን ሴቶች ለመንን፣ ለንስሐ አባቷም ነገርን። ሁሉም ደንግጠው ነበር፤ የቱ ሲሳይ፣ መቼ የሞተው ብለው ጠየቁ። ከመካከላቸው ፊቱን ያየው አንድም ሰው የለም። ጋሽ መኮንን አልፈዋል፣ ከድርም አልፏል። ሆኖም ጎሕ ሲቀድ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። በሩን አንኳኳን። ብርቄ ታጥባ፣ ፀጉሯን ሸፍና፣ ንጹሕ ቀሚስ ለብሳ ተነሥታ ከፈተችልን። ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ያዟት። የጦር ሠፈሩን ሽበታም መኮንን ቃል አንድም ሳላስቀር ነገርኳት፤ መኪናውን፣ መንገዱን፣ ሾላውን። ጓደኞቹ እንደቀበሩት ስነግራት አንዴ እጇን አነሣችና አስቆመችኝ።

“ጥላ አለው ማለት ነው” አለች።

ከዚያ ጮኸች። ያን ጩኸት ያ የጦር ሠፈር ሰልፍ ቢሰማው ያውቀው ነበር። ደረቷን መታች፣ ስለ ፍንጭቱ፣ ስለ ፉጨቱ፣ ስለ ብስክሌቱ እየጠራች አለቀሰች፤ የማያውቁት ሴቶችም እንደሚያውቁት ሁሉ እየተቀበሏት አለቀሱ። ገነት ያን የፎቶ ቤት ፎቶ አንሥታ የአባቷን ጉርድ ፎቶ አጠገቡ አስቀመጠች። ለረጅም ጊዜ ካየችው በኋላ፣ እኔ በዕድሜ እበልጠዋለሁ አለችኝ፤ እንደሚያፍር ሰው ቀስ ብላ። እኔም ያን ዕለት ለሲሳይ ብዬ ጀምሬ ለደምሴም አለቀስኩለት። ካህኑ ፍትሐት አደረሱለት።

ሦስት ቀን አብሬያት ተቀመጥኩ። ለመሄድ ስነሣ ተይ ብንላትም ጥቁሯን እንደለበሰች ገነትን ተደግፋ እስከ ታክሲው መቆሚያ ሸኘችኝ። ዝናቡ አባርቷል፤ የሥራ መውጫ ሰዓት ስለሆነ ሰው ይጋፋል። ረዳቱ ቱሉ ዲምቱ፣ ቱሉ ዲምቱ እያለ ይጣራል። ልገባ ስል ነጠላዬን ያዝ አደረገችኝ።

“ከእንግዲህ ሁለታችንም ባል የሞተብን ሴቶች ነን” አለችኝ። “ቶሎ ቶሎ ነይ አስኩ። የደምሴን ነገር አጫውቺኝ፤ አሁን ይገባኛል።”

እመጣለሁ አልኳት። በሳምንቱ ሐሙስ ሄድኩ።